ሰባት ቁልፍና አንድ ማንኪያ

ማስተር ቱማሲ ፉፉ በማንኪያ መብላት ከጀመረ ሦስት ወሩ ነው። ማንም አላየኝም ብሎ ያስብ ነበር። ከአንቲ ኤስተር ምግብ ቤት የመጨረሻው ጥግ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ጀርባውን ለሕዝብ ሰጥቶ ነበር የሚበላው። ኩማሲ ውስጥ ፉፉን፣ ያንን በጣት ተቆርሶ የሚበላ የካሳቫ ገንፎ፣ በማንኪያ የሚበላ ወይ ፈረንጅ ነው፣ ወይ ከአክራ ለጉብኝት የመጣ ባለሥልጣን ነው። ጥፍሩ ሥር የሃያ ስምንት ዓመት ግሪስ የተቀበረ የኦፔል መካኒክ በማንኪያ ሲበላ ከታየ ግን አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው።

የሆነውም ይኼ ነበር። ባለፈው በጋ፣ አቧራው ሰማዩን በሸፈነበት ሰሞን፣ የአንድ ታክሲ ካምቢዮ ከክሪኩ ላይ ተንሸራቶ ቀኝ እጁ አንጓ ላይ አረፈ። ወጌሻ አሸው፣ በቅጠል ጠቀለለው፣ አጥንቱም ገጠመ። ጣቶቹ ይጨብጣሉ፣ ክንዱ ይገፋል፤ አንጓው ግን መዞር እምቢ አለ። ፉፉን በጣት ቆርሶ፣ ሾርባው ውስጥ ነክሮ ወደ አፍ ለማድረስ ደግሞ አንጓ መዞር አለበት። በግራ እጅ መብላት እዚያ አገር እንኳን በአደባባይ፣ ብቻህን በጨለማ ቤት ውስጥም አይታሰብም። ስለዚህ ማንኪያ መጣ።

የማንኪያው ነገርስ ውርደት ብቻ ነው፣ ይዋጣል። ትልቁ ጣጣ ያለው ቁልፉ ላይ ነበር። ተራ ቁልፍ ዳዶ ላይ ትሰካዋለህ፣ ሩብ ዙር ታዞረዋለህ፣ ትነቅለዋለህ፣ መልሰህ ትሰካዋለህ፣ ደግሞ ታዞረዋለህ። በቀን አምስት መቶ ጊዜ ነው ይኼ። በእያንዳንዱ ጊዜ የቱማሲ አንጓ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል፤ እሱም ጥርሱን ነክሶ ሳል እንደያዘው ሰው ያስመስላል። ድሮ እስከ ምሳ ሰዓት የሚጨርሰውን ሥራ አሁን ፀሐይ እስክትጠልቅ ይዞት ይውላል።

ከሕመሙ ይልቅ የሚያስፈራው የኒም ዛፉ ነበር። ማጋዚን ውስጥ፣ ይኸውም የኩማሲ መካኒኮች በየመደዳው ቆርቆሮ ጥለው የሚሠሩበት ሰፈር፣ በቱማሲ መደዳ መጨረሻ ላይ አንድ ኒም አለ። ከሥሩ የዳማ ገበታ፣ በገበታው ዙሪያ የበቃቸው መካኒኮች። ዋናው አጊያ ባዱ፣ አባት ባዱ እንደማለት፣ ናቸው፤ በጊዜያቸው የናፍጣ ፓምፕን በጆሮ ብቻ የሚመረምሩ ሰው ነበሩ፣ አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣልና የዳማውን ጠጠር በጣት ማንሳት ትተው በጉልጥምታቸው እየገፉ ይጫወታሉ። ሕጉ ያልተጻፈ ነው፣ ግን ከተጻፈው ይጠብቃል፤ በሥራ ቀን ከዚያ ዛፍ ሥር የተቀመጠ ሰው ጋ መኪና የሚያመጣ የለም። አንዴ ከተቀመጥክ ተቀምጠሃል።

ከሦስት ወር በፊት ደግሞ ከዛፉ ሥር አንድ ባዶ የቀለም ባልዲ ብቅ አለ። ሰማያዊ ነው፣ ተወልውሏል፣ ተደፍቶ መቀመጫ ሆኗል፣ ማንም አይቀመጥበትም። ቱማሲ በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር አጊያ ባዱ በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል።

"የማን ነው?" አላቸው አንድ ቀን።

"የእግዜር እንግዳ ነው" አሉት። "ባለቤቱ እስኪመጣ ነው።"

ቱማሲ ሳቀ። ለምን እንደሳቀ ግን አያውቅም ነበር።

መዳኛው ራቼት ቁልፍ እንደሆነ ያወቀው ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ዕቃ መሃል አንዱን ሲሞክር ነው። የቁልፉ ክብ ራስ ውስጥ ጥርስ አለ፤ አንዴ ዳዶው ላይ ከሰካኸው መንቀል የለም፣ እጀታውን ወደፊትና ወደኋላ ማለት ብቻ ነው፣ ወደፊት ሲሄድ ዳዶው ይዞራል፣ ሲመለስ ቀጭ ቀጭ ይላል። አንጓ አይጠይቅም። ክንድ ካለህ ይበቃል። ቱማሲ የዚያን ሾፌር ቁልፍ ሲመልስ ልጁን ለሌላ ሰው የሚያስረክብ ያህል ከፋው፤ በሦስተኛው ቀን ኪሱ ውስጥ ያለችውን ይዞ ወደ ቦቢ ጀርመን ሄደ።

ቦቢ ጀርመን ጀርመንን በካርታም አይቶ አያውቅም። የሚሸጠው ዕቃ ሁሉ ግን ከዚያ ነው የመጣው፤ መዶሻው ጀርመን፣ ገመዱ ጀርመን፣ አንድ ጊዜ የዝናብ ጃንጥላ ሳይቀር ጀርመን ነው ብሎ ሸጧል።

"ማስተሬ፣ ይኼን እይልኝ" አለና ቀይ የፕላስቲክ ሳጥን ከፈተ። ውስጡ እንደ ሙሽራ ጥርስ ያበራል። "አርባ ስድስት ዕቃ። አርባ ስድስት። ይኼን የያዘ ሰው ጨረቃ ላይ የተበላሸ ነገር ይሠራል።"

ቱማሲ አንድ በአንድ እያነሳ አየ። ከአርባ ስድስቱ ሠላሳው የካቻቢቴ ጫፍ ነው። ቁልፍ የሚባሉት ስምንት ናቸው፤ ከስምንቱም አሥራ ሦስት ቁጥር የለም። ኦፔል ደግሞ ከአሥራ ሦስት ቁጥር በስተቀር ምንም የለውም ማለት ይቻላል። ከጥግ አንድ ጠመዝማዛ ብረት አወጣ።

"ይኼስ ምንድን ነው?"

ቦቢ ተቀብሎ አገላብጦ አየው። "እሱ ስጦታ ነው።"

"የምንድን ነው አልኩህ እኮ።"

"ማስተር፣ ስጦታ ምን ያደርጋል ተብሎ ይጠየቃል?"

ሁለተኛው ምርጫ ጥቁሩ ራቼት ነበር። ማጋዚን ውስጥ ጥቁሩን የማይወድ የለም፤ ወፍራም፣ ከባድ፣ ጥርሱ እንደ መጋዝ የሰፋ። ቱማሲ አንዱን ይዞ አንድ ቆሞ የነበረ ኦፔል ውስጥ ከማርሚታው ቱቦ ሥር አስገባና ሞከረው። እጀታው ወደኋላ ተመልሶ ቀጭ ለማለት የበር ያህል ቦታ ይፈልጋል። ያለው ቦታ ግን የሁለት ጣት ነው። ጥቁሩ ቁልፍ እዚያ ውስጥ ገብቶ ምንም ሳይል ቆመ፣ ቱማሲም አብሮት ቆመ። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ ማለት ይሄኔ ነው።

"ጥንካሬውን እይ እንጂ" አለ ቦቢ። "ሦስት ጊዜ ናና ዘንድ ቀርቧል፣ ሦስቱንም ጊዜ በሰላም ተመልሷል። ና እንሂድ፣ አንተም ሳበውና ውሰደው።"

"ነገ" አለ ቱማሲ፤ አንጓው ገና ሳይነካ አመመው።

ናና ዳዶ ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ቁጥር። መስቀለኛው መንገድ ላይ ግማሹ መሬት የተቀበረ የአሮጌ ጭነት መኪና አክስል አለ፣ አናቱ ላይ ሰማይ ሰማይ እያዩ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። ለማንም ከመቀመጫቸው ተነሥተው ስለማያውቁ ናና፣ ማለትም ንጉሥ፣ ተባሉ፤ ንጉሥ ለመጣ ለሄደው አይነሣማ። ማጋዚን ውስጥ ቁልፍ የሚገዛ ሁሉ ቁልፉን እሳቸው ላይ ሰክቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ይስባል። ከተሰበረ ኪሳራው የሻጩ ነው። ካልተሰበረ ገዢው ሳያቅማማ ይከፍላል። ሥርዓቱን ያወጡት አጊያ ባዱ ራሳቸው ናቸው፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፤ በየዓመቱ ጥር፣ በአዲስ ዓመት መባቻም አንድ ብርጭቆ ጂን ያፈስሱላቸዋል። በሦስት በኩል የተቃጠለ ዘይት ቦይ ስለከበባቸው መቆሚያው አንድ ቦታ ብቻ ነው። እጀታውን ወደ ቀኝ ታደርጋለህ፣ በቀኝ እጅህ ወደ ደረትህ ትስባለህ። ግራ እጅ ወደ ናና አይዘረጋም፤ ለንጉሥ በግራ እጁ ሰላምታ የሚሰጥ ማን ያሳደገው ነው?

እንግዲህ የቱማሲ ነገር እዚህ ላይ ታነቀ። አንጓውን የሚያድንለት ዕቃ ለመግዛት አንጓውን ሕዝብ ፊት ማቅረብ ነበረበት። በመላው ማጋዚን ዕቃዋን ናና ዘንድ የማታቀርብ አንዲት ነጋዴ ብቻ ናት፤ እሷም አፍራኮማ ናት፣ የቀድሞ ሚስቱ።

ከተፋቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። እሱን ብትጠይቀው ምክንያቱ አፏ ነው ይላል። እሷን ብትጠይቅ ምክንያቱ አንድ ነው፤ የለቅሶ ጨርቋን፣ ያንን ውድ ጥቁርና ቀይ፣ ካርቡራተር ጠርጎበታል። ዐሥር ዓመት ሥሩ ተቀምጣ ቁልፍ ስታቀብለው የኖረች ሴት ስለሆነች፣ ስትሄድ የያዘችው ዕውቀቱን ነበር፤ በሦስተኛው ወር የራሷን የዕቃ ሱቅ ከፈተች። ቱማሲ በዚያ በኩል ላለማለፍ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዳቦ ቤቱ ዞሮ ይሄድ ነበር።

ዛሬ ሱቁ በር ላይ ቆመ። አፍራኮማ ከመነጽሯ በላይ አየችው።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም።"

"ሰው ካልሞተ አንተ ይኼን ደጅ አትረግጥም።"

"ዕቃ ልገዛ ነው።"

"ኦሆ። ቦቢ ሞቷላ።"

"አፍራኮማ፣ ራቼት ቁልፍ አለሽ ወይስ የለሽም?"

ከመደርደሪያው ሥር አንድ ጥቅልል አወጣችና ፈታችው። ሰባት ቁልፎች። ቀጫጭን፣ ያረጁ፣ ማብረቅረቃቸው ያለፈ፤ ከአውሮፓ የመጣ ሰልባጅ። እጀታቸው ላይ ሁሉ በሚስማር የተጫረ ስም አለ። ቱማሲ መጀመሪያ ያየው ግን ቁልፎቹን አልነበረም፣ የተጠቀለሉበትን ጨርቅ ነው። ጥቁርና ቀይ፣ መሃሉ ላይ የማይለቅ የዘይት እድፍ። ቀና ብሎ አላያትም።

"ሰባት ብቻ?" አለ። "ቦቢ አርባ ስድስት አለው።"

"ከአርባ ስድስቱ በስንቱ ትሠራለህ?"

ቱማሲ አንዱን ቁልፍ አንስቶ አገላበጠ።

"ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ዘጠኝ" አለች በጣቷ እየነካካች። "ኦፔልም ቢመጣ ቶዮታም ቢመጣ ከዚህ አያልፍም። የቀረውን ቦቢ የሚሸጥልህ ሳጥኑ እንዲሞላ ነው።"

"የተጫረው ስም ምንድን ነው?"

"ሆርስት። የሞተ ፈረንጅ ነው። ሚስቱ ሸጠችው።"

"ምን ዓይነት ሚስት ናት የባሏን ቁልፍ የምትሸጥ?"

"እኔም ብሆን እሸጠው ነበር" አለችና አሥራ ሦስት ቁጥሩን አነሳች። "ጆሮህን አምጣ።"

ጆሮው ሥር አዞረችው። የጥቁሩ ድምፅ በር ሲንኳኳ ያህል ነበር። ይኼ ግን አይጥ ብስኩት ስትበላ እንደማለት ነው፣ ደቃቅ፣ ፈጣን፣ የማይቋረጥ። ከዚያ ከሱቁ ጥግ ወዳለ አሮጌ የሞተር ብረት ወሰደችውና ከጎድጓዳው ውስጥ፣ ጣት እንኳን ተጣቦ የሚገባበት ቦታ ላይ ያለ ዳዶ አሳየችው።

"ፍታው።"

ቀኝ እጁን ላከ። አንጓው ጎድጓዳው ጋ ሲደርስ መታጠፍ ነበረበት፣ አልታጠፈም፤ ፊቱ ተኮማተረ። በግራው ቀየረ። እጀታው የጥፍር ስፋት ያህል ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ቀጭ ይላል። ዳዶው እየተሽከረከረ ወጥቶ መዳፉ ላይ ወደቀ። ቱማሲ ከዚያ የሾፌር ቁልፍ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዳዶ ሳያመው ፈታ። ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም፤ እሷ ፊት እንዳይሆን ብሎ አስነጠሰ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች።

"ምኑ?"

"ማንኪያው።"

ዳዶውን አስቀመጠ። "ማን ነገረሽ?"

"ኤስተር። ለአራት ሰው ብቻ ነው የነገርኩት ብላኛለች።" መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገች። "ስማኝ ቱማሲ። የጠበቀ ነገር በዚህ አትጀምር። በድሮው ቁልፍህ አላላው፣ ከዚያ ለዚህ ስጠው። ደቃቅ ጥርስ የሚሮጥ እንጂ የሚታገል አይደለም። ናና ላይ ካወጣኸው ይረግፋል። እነዚያ ደነዞች ስንቱን ጥሩ ዕቃ እዚያ ገደሉት መሰለህ። ሯጭን ድንጋይ አሸክመው ደካማ ነው ይላሉ።"

"ስንት ነው?"

"ሰባት መቶ ሴዲ።"

"ለባል ቅናሽ የለም?"

"ለባል አለ" አለች። "ለአንተ የለም።"

ስድስት መቶ ሃምሳ ከፍሎ ወጣ። ጨርቁን መልስልኝ አላለችውም።

በማግሥቱ ጠዋት አንድ ኦፔል ታክሲ ሥር ገብቶ በግራ እጁ ቀጭ ቀጭ ሲያደርግ ድምፁ ከኒሙ ሥር ተሰማ። የዳማ ጠጠር መንቀሳቀሱን አቆመ። አጊያ ባዱ ዱላቸውን ተደግፈው መጡ፤ ከኋላቸው ዛፉ ሥር ያለው ሁሉ፣ ከዚያ መደዳው ሁሉ ተከተለ።

"ከማን ነው የተገዛው?" አሉ።

"ከአፍራኮማ።"

"እና ናና አይተውታል?"

ከመኪናው ሥር ቀጭ ቀጩ ቆመ።

"አላዩትም" አሉ አጊያ ባዱ ለሕዝቡ። "እሳቸው ያላዩት ዕቃ በዚህ መደዳ ሲሠራበት ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ያን ጊዜ የጎረቤታችን የአምፖንሳ ዳስ የተቃጠለው በምንድን ነው?"

"በሲጋራ ነዋ" አለ ቱማሲ ከሥር።

"ሲጋራው ሰበብ ነው። ውጣ ልጄ።"

ወጣ። ካልሄደ መደዳው ያገልለዋል፣ ከሄደ ቁልፉ ይረግፋል፣ እጁም ይታያል፤ በሁለቱም መንገድ መጨረሻው ያ ሰማያዊ ባልዲ ነው። ከመሄዱ በፊት ግን ከሳጥኑ አሮጌውን አሥራ ዘጠኝ ቁጥር፣ ጥርስ የሌለውን ረጅሙን ቁልፍ አንስቶ ብብቱ ሥር ሸጎጠ።

መስቀለኛው መንገድ ላይ ስንት ሰው እንደተሰበሰበ ለመቁጠር የሞከረ አልነበረም። ቦቢ ጀርመን ሠርግ እንደተጠራ ሰው ሸሚዙን አስገብቶ መጥቷል። አፍራኮማም መጣች፣ እጇን አጣጥፋ ከኋላ ቆመች።

ቱማሲ መቆሚያው ላይ ቆሞ አሮጌውን ቁልፍ ናና ላይ ሰካ።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ አጊያ ባዱ።

"መጀመሪያ የማውቀው ሰላም ይበላቸው፣ ከዚያ አዲሱ ይግባ።"

ይኼን የሚከለክል ሕግ አልነበረም። እጀታውን ወደ ቀኝ አደረገ፣ ቀኝ እጁን ዘረጋ፣ እንደ ሥርዓቱ ወደ ደረቱ ሳበ። አንጓው ውስጥ አንድ ነገር እንደ እሳት ፈነዳ። ጣቶቹ ራሳቸው ለቀቁ፣ ቁልፉም ዘይት ውስጥ ወደቀ።

"ማስተር፣ ቁርስ አልበላህም እንዴ?" አለ ቦቢ።

"በማንኪያ በልቶ ነዋ" አለ ከኋላ አንድ ሰው፣ መስቀለኛውም መንገድ በሳቅ ተናጋ።

ቱማሲ ዞሮ ፊታቸውን አየ። ሁሉም ያውቁ ነበር። የኤስተር አራት ሰዎች መላው ማጋዚን ነበሩ። ሦስት ወር ሙሉ ግድግዳ እያየ የበላው ለከንቱ ነው፣ ባልዲውም ከሦስት ወር በፊት የተወለወለው በአጋጣሚ አልነበረም። በጣም ተናደደ፤ ንዴቱም ከሕመሙ በልጦ ፍርሃቱን ጠራርጎ ወሰደው። ቁልፉን ከዘይቱ አወጣ።

"ቀኝ እጄ ሞቷል" አለ። "ሳትነግሩኝ ልቅሶ ተቀምጣችሁለታል፣ እግዜር ይስጣችሁ። ግራው ግን አለ።"

ቁልፉን በግራ እጁ ይዞ ናና ላይ ሰካ፣ እጀታውን ወደ ግራ አደረገ። ሳቁ ቆመ። አጊያ ባዱ ዱላቸውን አነሡ።

"ናናን በግራ እጅህ ልትነካ ነው?"

"አጊያ" አለ ቱማሲ፣ "ናና እኮ ዳዶ ነው።"

ነው አለ፤ ናቸው አላለም። አንዲት ሴት አፏን በመዳፏ ያዘች። እሱ ግን እግሩን አክስሉ ላይ ተክሎ፣ ግራ ክንዱን ቆልፎ፣ ሰማንያ ሰባት ኪሎ ገላውን ሁሉ ወደኋላ ጣለው። ለቅጽበት ምንም አልሆነም። ከዚያ ቋ አለ። ሁሉም ቁልፉ ተሰበረ ብሎ አንገቱን አሰገገ፣ ቦቢ ማጨብጨብ ጀመረ። ቁልፉ ግን ደህና ነበር። ከአናቱ ሥር ቀይ ዝገት ብን ብሎ ወጣ፣ ጂን ጂን የሚል ሽታም ተከተለው። የአሥራ ዘጠኝ ጥር ወር መጠጥ ዝገቱን እያለሰለሰ ሲጠብቅ ኖሯል።

ቱማሲ አሮጌውን ቁልፍ አንስቶ የሆርስትን አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ሰካ። በሁለት ጣት ብቻ፣ በግራ እጁ ሁለት ጣት፣ ወዲያና ወዲህ አደረገው። ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ናና እየተሽከረከሩ ከዙፋናቸው ወጡ፣ መዳፉ ላይም አረፉ፤ ከውስጥ ጥርሳቸው እንደ አዲስ ያበራል።

መጀመሪያ የገባቸው አጊያ ባዱ ነበሩ። ባዶ አየር ላይ ቀኝ እጃቸውን ወደ ቀኝ ዘርግተው ወደ ደረታቸው ሳቡ። አቅጣጫውን አዩት። ከዚያ ግራቸውን ወደ ግራ ዘርግተው ሳቡ። ደግሞ አዩት። ፊታቸው ቀስ እያለ ሲለወጥ ሕዝቡም አንድ በአንድ እጁን እየዘረጋ ባዶ አየር መሳብ ጀመረ፤ ከሩቅ ለሚያየው ዝማሬ የያዙ ይመስሉ ነበር።

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት" አሉ አጊያ ባዱ።

"አዎ" አለች አፍራኮማ ከኋላ። "ስታጠብቁት ኖራችኋል።"

በዚያ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቱማሲ አንቲ ኤስተር ቤት ሲገባ ጥጉ ባዶ ነበር። አልሄደበትም። መሃል ላይ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ተቀመጠና ፉፉ በፍየል ሾርባ አዘዘ። ቤቱ ሙሉ ነው፣ ዓይኑም ሁሉ እሱ ላይ ነው። ሳይጠይቅ አፍራኮማ መጣችና ፊት ለፊቱ ወንበር ሳበች።

"ለእኔም አምጭልኝ ኤስተር" አለች። "ሁለት ማንኪያ።"

"አንቺ እጅሽ ደህና አይደል?" አለች ኤስተር።

"ሁለት ማንኪያ አልኩሽ። ለአምስተኛም ሰው ንገሪ።"

ኩማሲ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጤነኛ እጅ ያላት የስንት ዘመን ሴት ፉፉ በማንኪያ ስትበላ የሳቀ ሁሉ ሳቀ። እሷ አንዱን ጉርሻ አጥፍታ ነው ቀና ያለችው። ቱማሲ አንድ ነገር ሊላት ፈልጎ ነበር፤ ስለ ጨርቁ፣ አሥራ አንድ ዓመት ዘግይቶም ቢሆን። አፉ ውስጥ ፉፉ ስለነበረ ሳይል ቀረ።

ገና ሳይጨርሱ አንድ የታክሲ ሾፌር በሩ ላይ ቆመ።

"ማስተር ማንኪያ የሚባለው ማን ነው? ሞተሬ እዚያ ጋ ቆሞብኛል።"

ምግብ ቤቱ በሙሉ በአንድ ጣት ጠቆመ። ቱማሲ ስሙን ሰማው። ከዚህ በኋላ እስኪሞት ድረስ ሌላ ስም እንደማይኖረው ያውቃል። እጁን ታጥቦ ተነሣ።

ወደ ሾፌሩ መኪና ሲሄድ በኒሙ በኩል አለፈና ሰማያዊውን ባልዲ በግራ እጁ አንጠለጠለ።

"ወዴት ነው?" አሉ አጊያ ባዱ።

"የእኔ አይደል? ለእኔ አይደል የወለወላችሁት?"

ባልዲውን በአፍራኮማ ሱቅ ፊት ለፊት ከቆመው ከሾፌሩ ኦፔል ጎማ አጠገብ ደፍቶ ተቀመጠበት። መቆም ከአንጓው ጋር የሚያያዝ ነገር ባይሆንም ተቀምጦ መሥራት ደስ አለው፤ ለበቃው ሰው የተወለወለ መቀመጫ ሥራ ላይ ሲውል ማየት ደግሞ የበለጠ ደስ አለው። አሮጌውን ቁልፍ ለማላላት፣ የሆርስትን ለማሽከርከር፣ የለቅሶ ጨርቁን ለእጅ መጥረጊያ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

ፀሐይዋ ዘወር ስትል አንድ ጥላ ሞተሩ ላይ ወደቀ። አጊያ ባዱ ናቸው፣ ብቻቸውን መጥተዋል። ዱላቸውን ወደ ኋላቸው ደብቀዋል፤ እጃቸው የዱላውን ጫፍ መሬት ላይ ሲያንቀጠቅጠው ይሰማል።

"ማነህ" አሉ። "ያ ዕቃ።"

"አቤት አጊያ።"

"አንዴ ከተሰካ መንቀል የለውም አይደል? ወዲያና ወዲህ ብቻ ነው።"

"ወዲያና ወዲህ ብቻ ነው።"

አጊያ ባዱ ማንም እንዳይሰማቸው ወደ ኒሙ ዞር ብለው አዩና፣ "የሚንቀጠቀጥ እጅስ?" አሉ።

ቱማሲ ከጠዋት ጀምሮ ለእሳቸው የሚላቸውን ብዙ ነገር ሲያጠራቅም ውሏል። ስለ ባልዲው፣ ስለ አሥራ ዘጠኙ ዓመት፣ ስለ አምፖንሳ ዳስ። አንዱም አልመጣለትም። ከባልዲው ተነሥቶ በእጁ ጠረገው።

"ተቀመጡ" አላቸው።

አጊያ ባዱ ተቀመጡ። አሥራ ሦስት ቁጥሩን አሮጌው ቁልፍ ያላላው ዳዶ ላይ ሰካላቸው፣ እጀታውን አስያዛቸው። እጃቸው ተንቀጠቀጠ። መንቀጥቀጡ ራሱ እጀታውን ወዲያና ወዲህ አለው፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ አለ፣ ዳዶውም ዞረ። ሽማግሌው ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጡ፤ ዳዶው መዳፋቸው ላይ ሲወድቅ ዘይታም እጃቸውን ያገኙት ነገር ላይ ጠረጉ፣ እሱም ጥቁርና ቀይ ጨርቅ ነበር። አፍራኮማ ከሱቋ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። መነጽሯን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ውስጥ ገባች።